ለወንድሙ ሊሰጥ የነበረው ኩላሊት

«እዚያው ቁሚ!» አሏት እሜቴ። «ወንበሬ ላይ እንድትቀመጪ ማን ጋበዘሽ?»

ልጅቷ ልትቀመጥ ያጠፈችውን ጉልበት መልሳ ዘረጋች። ሳሎኑ በየግድግዳው ትልልቅ መስታወት የተሰቀለበት ስለሆነ ወዴትም ብትዞር የሚያጋጥማት የገዛ ፊቷ ነበር፤ እንቅልፍ ያጣ፣ የገረጣ፣ ግን አልበገርም ያለ ፊት።

እሜቴ የከተማው ትልቁ የመስታወት መደብር ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መደብሩንም፣ ከጀርባው ያለውን የመስታወት መቁረጫ ክፍልም፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውንም ብቻቸውን ይዘው ኖረዋል። አቅራቢ ሲያያቸው ዋጋ ይቀንሳል፤ ሠራተኛ ሲያያቸው ወገቡን ያቃናል። «እሜቴ» ያሏቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሰፈሩም ከዚያው ለምዶ በዚያው ቀረ።

ዛሬ ልጅቷን ያስጠሯት ለበጎ አልነበረም። ጠዋት የኩላሊት ሐኪሙ ደውሎ፣ በሚመጣው ሳምንት ሊደረግ የነበረው ቀዶ ጥገና መቆሙን ነግሯቸዋል። የታላቁ ልጃቸው፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ኩላሊቶች ከደከሙ ቆይተዋል፤ የሚኖረው በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል እየሄደ ደሙን በማሽን እየታጠበ ነው። ታናሽየው፣ የመቁረጫው ኃላፊ፣ አንድ ኩላሊቱን ሊሰጠው ተዘጋጅቶ፣ ምርመራውን ሁሉ አልፎ፣ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ያን ቀን ያሰረዘችው ይህች ልጅ ናት፤ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ የታናሽየው ፍቅረኛ።

«ልጄን ሐኪሞች አገላብጠው አይተውታል» አሉ እሜቴ። «ደሙን ቀድተው፣ ሆዱን በማሽን አይተው፣ ‹እንደ ወይፈን ነው› ብለውኛል። አንቺ ደግሞ መጣሽና በሽንቱ ጠነቆልሽበት!»

«ጥንቆላ አይደለም እሜቴ።» ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የጀመረችው። «ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው። ደኅና ሲሆን ቆሻሻውን ያወርዳል፣ ፕሮቲኑን ያስቀራል። የእሱ ወንፊት ራሱ መላጥ ጀምሯል። ከወንፊቱ የሚረግፈው ፍርፋሪ ሽንቱ ውስጥ ተገኝቷል። ተራው ምርመራ የሚያየው ፕሮቲኑ በዛ ሲል ነው፤ የእኛ ማሽን ግን እያንዳንዱን ስብርባሪ በክብደቱ ስለሚለይ፣ ገና ሳይበዛ ያየዋል።»

«ለአንቺ ብቻ የሚታይ በሽታ በይኛ!»

«ለእኔ ብቻ አይደለም። አለቃዬም አይታዋለች። ደግመን ነው ያየነው።»

«እሷም ያንቺው ቢጤ ናት። ሽንት ስትበጠብጡ የምትውሉ!»

ልጃቸው መስኮቱ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አልዞረም። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ትከሻውን ብቻ ነበር የምታየው።

ከእሱ ጋር ያስተዋወቃትም ይኸው ሽንት ነበር። የላቦራቶሪው ቁም ሳጥን መስታወት ተሰንጥቆ ሊቀይር በመጣ ጊዜ፣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት በየመደርደሪያው የተሰለፉትን ቢጫ ብልቃጦች አየና «ጭማቂ ቤት ከፍታችኋል እንዴ?» አላት። «ቅመሰውና ንገረኝ» አለችው። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ የወጣው ቀለም እስኪበርድ ድረስ ሁለቱም ሲስቁ ቆዩ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ለጥናቱ የጤነኛ ሰው ናሙና ሲያስፈልግ፣ እሱኑ ጠየቀችው። «ሌላው ሲታጭ ቀለበት ይጠየቃል፤ እኔ ሽንት ተጠየቅሁ» እያለ ለጓደኞቹ ያወራ ነበር። ሰጠ። ደጋግሞም ሰጠ፤ እሷን ለማየት ጥሩ ሰበብ ሆኖለት።

ፍቅራቸው ግን ከእሜቴ ደጃፍ አላለፈም። የልጅቷ አባት በወጣትነቱ የእሜቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን መስታወት እንደ ጫነ መኪናው ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሰውየው እግሩ ተሰብሮ ወጣ፤ መስታወቱ ዱቄት ሆነ። እሜቴ እግሩ እስኪድን እንኳ ሳይታገሱ አባረሩት። ከዚያ ወዲያ አንዱ ቤት የሌላውን ስም በበጎ አንስቶ አያውቅም።

«አባትሽ መስታወቴን ፈጀው» አሉ እሜቴ አሁንም። «አንቺ ደግሞ ልጆቼን ልትፈጂ መጣሽ። አንዱ እንዳይድን፣ ሌላው በቁሙ እንዲታመም!»

ያኔ ልጃቸው ዞረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተከለ። ባየችው ቁጥር ልቧን የሚያሞቀው ያ ዓይን ዛሬ እንደ ባዳ ነበር የሚያያት። «ለእኔ ሳትነግሪኝ ለምን ለሐኪሙ ነገርሽ?»

«ናሙናው የሚታወቀው በቁጥር ነው። የጤነኛ የተባለ ናሙና እንዲህ ሆኖ ሲገኝ አለቃዬ ናት የማን እንደሆነ ያወጣችው። ያንተ መሆኑን ሳውቅ… ለሚያይህ ሐኪም መንገር ግዴታችን ነው። ቀዶ ጥገናው ደግሞ ደርሷል። ደወልኩልህ፤ አላነሳህም።»

«መቁረጫው ላይ ነበርኩ።»

«እኔስ የት የነበርኩ መሰለህ? እኔም ሥራዬ ላይ ነበርኩ።»

«‹አትስጥ› ብለሽ ለምነሽኛል» አለ። እናቱ ፊት አለው።

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እውነት ነው። ለወንድሙ ሊሰጥ መወሰኑን የነገራት ቀን እጁን ይዛ አልቅሳለች። «ሁለቱንም ይዘህ ነው የምፈልግህ፤ አትስጥ» ብላዋለች። ሰው ለሚወደው ሲፈራ እንደሚናገረው ተናገረች። በማግስቱ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም ስቆ ተወላት። እንዳልተወላት ያወቀችው አሁን ነው።

«እምቢ ስልሽ በሽታ ፈለግሽልኝ።»

«እንዲህ ነው የምታስበኝ?»

«እርግጠኛ ነሽ? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ያለ ጥርጥር ታምሜያለሁ?»

አዎ ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ግን ማሽን ይሳሳታል፤ ይህንን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። «ያለ ጥርጥር ልልህ አልችልም» አለች። «ገና ጥናት ላይ ያለ ምርመራ ነው። ለዚህ ነው በሌላ መንገድ ይጣራ ያልነው።»

እሜቴ ሳቁ፤ ደስታ የሌለው ሳቅ። «ሰማህ? ‹ሊሆን ይችላል› እያለች ወንድምህን ልትቀብርብህ ነው!»

ትዕግሥቷ እዚህ ላይ አለቀ።

«እርስዎስ?» አለች። «ልጅዎ ከታመመ ስንት ጊዜው ነው? ታናሹን ገፍተው ወደ ቢላዋ ሲልኩት፣ የእርስዎን ኩላሊት ማን መረመረው?»

የእሜቴ እጅ የወንበሩን ክንድ እንደ ጨበጠ ነጣ። ልጅቷ እኚህን ሴት መልስ ሲያጡ አይታ አታውቅም ነበር።

«ውጪ» አለ ልጃቸው። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ከእንግዲህ ስሜን እንዳታነሺ። ውሸታም ነሽ።»

በሩን ከፍታ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ስድብ ሲወርድባት አንድ ነገር አይታለች፤ ዓይኑ ሥር ትንሽ እብጠት ነበረ። ሌላ ሰው እንቅልፍ ማጣት ነው ብሎ የሚያልፈው፣ እሷ ግን ምን እንደሆነ የምታውቀው እብጠት። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ያስለቀሳት እሱ ነበር።

* * *

የኩላሊት ሐኪሙ ጠንቃቃ ሰው ነው። «የላቦራቶሪውን ውጤት አልጥለውም፤ እሱን ብቻ ይዤም አልፈርድም» አላቸውና፣ ታናሽየው ሆስፒታል ገብቶ ከኩላሊቱ በመርፌ ትንሽ ሥጋ እንዲወሰድና እንዲመረመር አዘዘ። ውጤቱ እስኪመጣ ልጅቷ የሁሉ ጠላት ሆነች። የመደብሩ ሻጮች መንገድ ላይ ሲያይዋት ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱ ስልኩን ዘግቶባታል። «ዝም ብለሽ በሠራሽ» አላት የገዛ አባቷ፤ «ከእነዚያ ሰዎች ጋር መነካካት ምን እንደሚያተርፍ እግሬን አታዪም?»

በዚህ መሃል መምህሩ አስጠራት።

እጥበት ክፍሉ ውስጥ ጥጉን ይዞ ተኝቶ አገኘችው። ክንዱ ላይ ሁለት ቱቦ ተሰክቷል፤ ደሙ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል። ሆዱ ላይ የተማሪ ፈተና ተቆልሎ ባልታሰረው እጁ ያርማል።

«ኩላሊቴን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ?» አለ ቀና ሳይል።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ጋሼ አትበይኝ። ጋሼ የሚለኝ ወንድሜ ነው።»

«ለምን አስጠሩኝ?»

«ልጠላሽ ፈልጌ። ሳያዩ መጥላት አስቸገረኝ።» ቀዩን እስክሪብቶ አነሳ። «ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከተሳሳትሽ ገዳዬ ነሽ። ልክ ከሆንሽ ደግሞ የወንድሜን መርዶ ነጋሪ ነሽ። በየት በኩል ባሰላው አልወድሽም።»

«አልፈርድብዎትም።»

«ማሽንሽ ስንት ጊዜ ይሳሳታል?»

«ከአሥር ታማሚ አንዱን ሊስት ይችላል። ጤነኛውንም አንዳንዴ ታሟል ይላል።»

«ከአሥር ዘጠኝ» አለ። «ይህን ያመጣ ተማሪ እኔ ጋ ጎበዝ ነው የሚባለው። ካልኮረጀ።» አሁን ገና ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ የወንድሙን ይመስላሉ፤ የደከሙ ብቻ ናቸው። «ከፍርሃትሽ ኮርጀሽ አይደለም?»

እሷም ራሷን ስትጠይቅ የከረመችው ይህንኑ ነበር። «አይደለም» አለች። «ስለካው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ካወቅኩ በኋላ የፈለግኩት ስህተት ሆኖ እንዲገኝ ነው።»

መምህሩ ቱቦው ውስጥ የሚዞረውን ደሙን ተመለከተ።

«አባታችን አብጦ ነው የሞተው» አለ። «ጉበት ነው አሉን። ሊያድኑት ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት፤ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። በእግሩ ገብቶ ተሸፍኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ስታይ የምትወድቅ ሴት ናት። እኔን ልታይ እዚህ ስትመጣ ያቺ ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትቀመጠው። ‹የእርስዎን ማን መረመረው› ያልሻት እሷን ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ሳታውቂ ነው። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። በይ ሂጂ፤ ላርምበት። ወንድሜንም ይቅርታ ይጠይቀኛል ብለሽ እንዳትጠብቂ። እልኸኛ ነው። እልህ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።»

ደረጃውን ስትወርድ እሜቴን እንደ ወትሮው ልትጠላቸው ሞከረች። ጥላቻው እንቢ አላት። በምትኩ አንዲት ኩሩ ሴት ታየቻት፤ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ የልጇን እግር በእጇ እየፈለገች።

* * *

ውጤቱ የወጣ ቀን ራሱ መጣ። ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ጎፈሬው አልተበጠረም፤ ሸሚዙ ላይ የመስታወት ብናኝ ነበረበት።

«ልክ ነበርሽ» አለ። አባባሉ ስድብ ይመስል ነበር። «ወንድሜን የጣለው በሽታ ነው፤ ከአባታችን የወረድን። ገና ጅማሬው ነው አሉኝ። መስጠት አልችልም።» «ደስ አለሽ?» አላት።

እጇ ላይ የነበረውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እንዳትወረውረው ቀስ ብላ።

«ደስ አለሽ ነው ያልከኝ?» አለችው። «ያንተ መሆኑን ካወቅኩ ጀምሮ ምን እየለመንኩ እንደከረምኩ ታውቃለህ? እንድሳሳት! ስሜ ይጥፋ፣ አለቃዬ ታባረኝ፣ ከተማው በሙሉ ውሸታሟ ይበለኝ፣ እሱ ብቻ ደኅና ይሁን እያልኩ። በገዛ ሥራዬ ላይ ነው የጸለይኩት! አንተ ደግሞ እናትህ እንደ ሌባ አቁማ ስትመረምረኝ ጀርባህን ሰጠኸኝ።»

«ወንድሜ እየሞተ ነበር!»

«አንተም እየታመምክ ነበር! አለማወቅህ ነው ልዩነቱ።» ወደ በሩ ቀረበች፤ ግን በመካከላቸው አንድ ጠረጴዛ ቀረ። «ያን ኩላሊት አውጥተው ሰጥተውት ቢሆንስ? እሱ የታመመ ኩላሊት ተቀብሎ፣ አንተ በአንድ የታመመ ቀርተህ፣ ጎን ለጎን ተኝታችሁ ትታጠቡ ነበር። እናትህ ማንን ቀድማ ትጠይቅ? ያንን እያየሁ ዝም ልል ነበር? ዝም የሚል ፍቅር ነው የለመድከው?»

«ፈርቼ ነው» አለ፤ ድምፁ ወርዶ። «አንቺን ካመንኩ ወንድሜን ማጣቴ ነው። ስለዚህ አላመንኩሽም።»

«እኔም ስፈራ ‹አትስጥ› አልኩህ። የእኔ ፍርሃት ወንጀል ሆኖ የአንተ ሰበብ ሊሆን ነው?»

አንድ እርምጃ ገባ። እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«አትጠጋኝ። መድኃኒትህን ጀምር። ጨው ተው። ሐኪምህ ባለህ ቀን ሁሉ ተመርመር። በጊዜ ስለተደረሰበት ብዙ ዓመት ልታቆየው ትችላለህ። ይህን የምነግርህ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ከሥራዬ ውጭ የምነግርህ ነገር የለኝም።»

ዞሮ ሄደ። እሷም ወደ ብልቃጦቿ ተመለሰች፤ የተጻፈባቸውን ቁጥር ግን ማንበብ አቃታት። አለማልቀስ እንዲህ እንደሚያደክም አታውቅም ነበር።

* * *

እሜቴ ሲመጡ አስቀድመው አልደወሉም። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡ።

«እዚህ ነው የምትበጠብጡት?» አሉ ዙሪያውን እያዩ። «ንጹሕ ነው። ቆሻሻ ቤት ነበር የመሰለኝ።»

ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ። ልጅቷ ልክ እንደ ተከሳሽ ቆመች፤ በገዛ ሥራ ቤቷ።

«ሁለቱንም ልጆቼን በሽተኛ አደረግሽብኝ።»

«አላደረግኳቸውም እሜቴ። አየሁት እንጂ።»

«ለእናት ያው ነው።» ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ከሆስፒታሉ የተሰጣቸውን ክዳን ያለው ብልቃጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አላዩትም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። «ዶክተሩ ደሜን ቀድቷል። ተቀምጬ እንዳይመስልሽ፤ ወድቄ ነው። ግን ተቀዳሁ። ለታላቁ ይሆናል አለኝ። በሽታው በአባታቸው በኩል ነው፣ በእርስዎ አይደለም አለኝ። ሆዴንም ልቤንም አይቶ ጨርሷል።»

«እንግዲያው እኔ ጋ…»

«ዶክተሩ የሚያየውን አይቷል። አንቺ ደግሞ የምታዪውን እዪ!» ተቆጥተው ነበር የተናገሩት። «ያኛውን በጊዜ አየሽው አይደል? ይህኛውንም እዪው። በልጄ ሆድ ውስጥ የበሰበሰ ነገር አላስቀምጥም።»

ልጅቷ ብልቃጡን አነሳች። ገና ሙቀት ነበረው። «ያን ቀን የተናገርኩትን…» ብላ ጀመረች።

«ተዪው!» እጃቸውን አወናጨፉ። «ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ፤ ያልሽው ልክ ነው። ልክ ስለሆነ ነው የማልወድሽ። ለራሴ እንኳ የማልነግረውን ልጄ ፊት አወጣሽብኝ።» ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። «አባትሽ… እግሩ ዛሬም ያነክሳል?»

«ያነክሳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

ውጤቱን በስልክ ነገረቻቸው። «ንጹሕ ነው እሜቴ።»

«ድሮስ ምን ልታገኚ ነበር? ድሮም ንጹሕ ነኝ» አሉ። ስልኩን ግን አልዘጉትም። ትንፋሻቸው ይሰማታል፤ አጭር አጭር፣ የፈራ ሰው ትንፋሽ። «ያማል?» አሉ በመጨረሻ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከነቁ በኋላ ትንሽ ያማል። እዚያ ውስጥ ግን ምንም አይሰማዎትም።»

«ውሸት ይሁን ብቻ፣ ወዮልሽ!»

ስልኩ ሲዘጋ ልጅቷ ፈገግ ማለቷ ታወቃት። ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን ማስታወስ አልቻለችም።

* * *

የቀዶ ጥገናው ቀን እሜቴ ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጥብቅ አድርገው ጨፍነው አለፉ። ታናሹ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አብሯቸው ይራመዳል። መጨረሻው በር ጋ ሲደርሱ አልጋውን አስቆሙት።

«ያቺ ልጅ መጥታለች?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እዚህ ነኝ እሜቴ።»

«ንቅንቅ እንዳትዪ። ካልወጣሁ የምረግመው ሰው ያስፈልገኛል።»

በሩ ተዘጋ። መምህሩ ቀድሞ ገብቷል። ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም ወንበር ነበረ። እሷ በአንዱ ጫፍ ተቀመጠች፣ እሱ በሌላው። በመካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበረ፤ ማንም አልመጣም። ነርሶች አለፉ። አንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠየቀ። እሱ አንድ ጊዜ ተነስቶ ውኃ አመጣና ሳይናገር አጠገቧ አኖረላት፤ አልጠጣችውም፤ ግን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን አውልቆ ነበር። ሁለቱም ብድግ አሉ።

«እናታችሁ ደኅና ናቸው» አለ። «ኩላሊቱም ገና ከመገጠሙ ሥራ ጀምሯል። ሽንቱ እየወረደ ነው።»

ታናሽየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መጀመሪያ ሳቅ መሰለ፤ ቀጥሎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ሽንቱ እየወረደ ነው» ይላል፣ ያንኑ ደጋግሞ፣ በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የሌለ ይመስል። እሷም አለቀሰች። ላቦራቶሪው ውስጥ ያን ሁሉ ቀን አምቃ የያዘችው ወጣ። አንድ ወንበር ላይ ሆነው ለየብቻ አለቀሱ።

ሲረጋጋ ጠጋ አለ። ክንዱ ክንዷን አልነካም።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«አልልህም።»

«ነገስ?»

«ነገም እንጃ። እውነት ስነግርህ ነው ውሸታም ያልከኝ። ተሳስቼ ብትለኝ አንድ ነገር ነው። ልክ ሆኜ ስትለኝ ግን የት ልሂድበት?»

አንገቱን ደፋ። «አሁን ደግሞ ታምሜ ነው የምለምንሽ። ምናልባት አንድ ቀን እኔም እንደ ጋሼ ማሽን ላይ…»

«መታመምህን ካንተ ቀድሜ ነው ያወቅኩት» አለችው። «ያኔ ጥዬህ ሄድኩ?»

«አልሄድሽም።»

«እንግዲህ በሕመምህ አታስፈራራኝ። ሕመምህን አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያቆመው አውቃለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ አለማመንህ ነው። ለእሱ መድኃኒት የለኝም።»

ሰበብ አልፈለገም። የዓይኑ ሥር እብጠት ቀለል ብሏል፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው ማለት ነው። ይህን በማየቷ ራሷን ታዘበች። ይቅር አላለችውም፤ ቁጣዋ እንዳለ ደረቷ ውስጥ ነበር፤ ነገ ጠዋትም አብሯት እንደሚነሳ ታውቃለች። ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጡ፣ ጨው መተዉ፣ ትናንት መተኛት አለመተኛቱ ከቁጣዋ ቀድሞ ይታያታል።

«ካልማርሽኝ» አለ በቀስታ፣ ቀና ብሎ ሊያያት ሳይደፍር፣ «እናቴም ወጣች፤ ጋሼም ደኅና ነው። የሚይዝሽ ነገር የለም። ለምን እዚህ ተቀመጥሽ?»

እንደ ተቆጣች፣ ዓይኗ እንደ ረጠበ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጠየቁ እንደ አዲስ እየተናደደች፤

«ሌላ የት ልቀመጥ?» አለችው።